ሚክሰሩ ሲጠፋ

ደብረ ታቦር ውስጥ ወደ አፓርታማ በሚለወጠው የድሮ ዱቄት ፋብሪካ በር የሚጠብቁት ሽማግሌ ሲያወሩ ይጮኻሉ። ተቆጡ ብለው የሚሸሹዋቸው አሉ። ሠላሳ ዓመት እዚያው ከወፍጮው ጎን ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ ወፍጮው ተነቅሎ ከተወሰደም በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አልሆነላቸውም። የኮታቸው ስፌት ውስጥ ዛሬም ዱቄት አለ፤ ቢያራግፉት አይለቅም።

ግንበኞቹ ስለእሳቸው የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሲሚንቶ የሚያቦካው ሚክሰር መዞር ሲጀምር ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፤ ሲጠፋ ባንነው ይነሳሉ።

«ማነው ያጠፋው?» ይላሉ።

ግንበኞቹ ይስቃሉ። ማታ ማታ ሁሉም ወደየቤቱ ሲሄድ ሽማግሌው በዚያ ጸጥታ እንዴት እንደሚያድሩ የጠየቃቸው ግን የለም።

ልስኑ ያለቀ ዕለት ሚክሰሩን አይሱዙ ላይ ጫኑት። ሽማግሌው በሩን ከፈቱና ሾፌሩ መስኮት ሥር ቆሙ።

«ወዴት ልትወስደው ነው?»

«ሐሙሲት፣ አባቴ። ሌላ ሥራ ተጀምሯል።»

መስኮቱን እንደያዙ ቀና ብለው ሚክሰሩን አዩት።

«እዚያስ ዘበኛ አላቸው?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቷልና አልሰማቸውም።