ቡፌ ውስጥ ያረጀ ክር

የበረዶ ላይ ዓሣ ማጥመጃ ክር በየክረምቱ መቀየር አለበት የሚባለው ውሸት ነው። እንዲህ የሚሉን ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ክር የሚሸጡና ክር በእጃቸው ነክተው የማያውቁ። ክር የቀን መቁጠሪያ አያነብም። አንዱ በሦስተኛ ክረምቱም ዓሣ ያወጣል፣ ሌላው አንድም ቀን ውኃ ሳይነካ ይሞታል። ይህን የማውቀው አጥማጅ ስለሆንኩ አይደለም፤ ዓሣ ማጥመድ ተቀምጦ በብርድ ለመመታት የተፈለገ ሰበብ እንጂ ሌላ ነገር መስሎኝ አያውቅም። የማውቀው ውኃ ሳይነካ የሞተ ክር በዓይኔ ስላየሁ፣ አንድ ሰውም በእሱ ምክንያት ያጣውን ነገር ስላየሁ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ከጄኔቭ ወደ ዙሪክ በባቡር ሄጄ የአክስቴ ልጅ ያሬድ ቤት፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር፣ ምሳ በላሁ። ልጁ ሜሮን እዚያው ዙሪክ ነው የተወለደችው። አማርኛዋ መንገድ ላይ ጀርመንኛ ያሳፍራል፣ ደግሞ ያወርዳል፤ እሷ ግን አትቸገርም፣ የምንቸገረው እኛ ነን። ከጓደኞቿ ጋር ተራራ ወጥተው፣ በረዶ በስተው ዓሣ ሊያጠምዱ ነው። ክሩን በአንድ እጇ፣ ስልኳን በሌላው ይዛ መጣች።

«አጎቴ፣ ሽኑሩ በየሳይሶኑ ይቀየራል ይላል እኮ። እውነት ነው?» ክሩ በየክረምቱ ማለቷ ነው።

«ማነው የሚለው?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም ካለ ውሸት ነው።»

ያሬድ ከማእድ ቤት ሆኖ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ቆመ። «አንተ ንገራት» አለኝ። «እኔ ስነግራት ምክር እየመሰላት አትሰማኝም።»

እሷ ሰማችኝ። እናንተም ስሙ።

ያኔ ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበርን። እኔ ጄኔቭ፣ ለ ሊኞን በሚባለው ሰፈር፣ ከሮን ወንዝ በላይ እንደ እባብ የተጋደመው ረጅም ሕንፃ ውስጥ፣ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ቤት ተጋርቼ እኖራለሁ፤ ቀን እማራለሁ፣ ማታ የሰው ቢሮ እወለውላለሁ። ያሬድ ከእናቱ ከአክስቴ ከዘነበች ጋር ዙሪክ ነበር። ኦፕፊኮን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ያለ አንድ ሆቴል ማእድ ቤት ውስጥ ዕቃ ያጥባል። ዕቃ ማጠብ ሥራ ነው፤ እሱ የሚፈልገው ግን ሌረ ነበር፣ ማለትም እየሠሩ ሙያ የሚማሩበት ቦታ። በእጁ የያዘው ኤፍ የሚባለውን ወረቀት ነው፤ ሲተረጎም «ለጊዜው ቁም፣ ግን አትቀመጥ» እንደማለት ያለ ወረቀት። ሌረ ያገኘ ሰው ሙያ ይኖረዋል፣ ሙያ ያለው ወረቀቱ ይሻሻላል፣ ወረቀቱ የተሻሻለ ሰው ማታ ሲተኛ ጫማውን ያወልቃል። ያሬድ ይህን ያህል ነበር የሚፈልገው፤ ጫማውን አውልቆ መተኛት።

የማእድ ቤቱ አለቃ፣ ሼፉ፣ ኸር ሩፊነር፣ ማለትም አቶ ሩፊነር፣ ይባላል። የቫሌ ተራራ ሰው ነው፣ ጀርመንኛውንም ፈረንሳይኛውንም ይችላል፣ በሁለቱም ቋንቋ ግን ብዙ አይናገርም። ያሬድ አንድ ቀን ዝዋይ ሐይቅ ዳር እንዳደገ ነገረው። ሰውዬው ሐይቅ ዳር ያደገ ሁሉ አጥማጅ ነው ብሎ አመነ። እውነቱን ለመናገር ያሬድ የዝዋይን ዓሣ የሚያውቀው ተጠብሶ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ ነው። ሼፉ ግን በፈረንጆች ገና አጭር ዘንግና አንድ ጥቅል የናይለን ክር፣ በሚያምር ላስቲክ የታሸገ፣ ስጦታ ሰጠው።

አክስቴ ዘነበች ስጦታውን ስታይ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ቡፌ ውስጥ አስቀመጠችው። የሐበሻ ቡፌ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ የማይጠጣባቸው ብርጭቆዎች፣ የማይበላባቸው ሳህኖችና የማይሠራ ሰዓት የሚከበሩበት ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን ነው። የእሷ ደግሞ ከትልቁ መስኮት ፊት ለፊት፣ ከማሞቂያው ጎን ነበር። ጸሐይ ከምሳ በኋላ ገብታ እስክትጠልቅ አትወጣም። እንግዳ በመጣ ቁጥር አክስቴ ቡፌውን በዓይኗ እያሳየች «የሼፉ ስጦታ ነው፤ አለቃው ልጄን እንዲህ ነው የሚወደው» ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ አለች።

በሁለተኛው ዓመት፣ ሁዳዴ ገብቶ፣ ሩፊነር ያሬድን ጠራው። አንድ የሌረ ቦታ አለ፣ ሁለት ልጆች ፈልገውታል። «እሑድ በረዶው ላይ ና፤ እዚያ እንነጋገራለን» አለው። ያሬድ ወዲያው ደወለልኝ። «ጀርመንኛዬ ከከዳኝ በፈረንሳይኛህ ትደርስልኛለህ፤ ቅዳሜ ማታ ድረስ።»

ደረስኩ። ከእኔ በፊት ግን ጋሽ ፍቅሬ ደርሶ ነበር።

ጋሽ ፍቅሬ የዙሪክ ሐበሻ ሁሉ አስተርጓሚ ነው፤ የሚተረጉመው ግን ቋንቋ ሳይሆን ጠባይ ነው። «ስዊዝ ማለት» ብሎ ከጀመረ ሽሮው ይቀዘቅዛል። ስዊዝ ማለት ይህን አይወድም፣ ስዊዝ ማለት እንዲህ ካሉት ይቀየማል። ከአንድ ስዊዝ ጋር እንኳ ማዕድ ቀርቦ እንደማያውቅ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ከሁላችንም ቀድሞ የመጣ ሰው ነው፣ በስደት አገር ቀድሞ መምጣት ደግሞ ዲግሪ ነው።

የዚያን ማታ ከምስር ወጡ ጋር ስለ ዓሣ ክርክር ቀረበ። ጋሽ ፍቅሬ «ዓሣ ደም የለውም፣ በሁዳዴ ይበላል» አለ። አክስቴ ዘነበች «ደም ከሌለው ምን አቃጥሎት ይንፈራገጣል?» ብላ ዘጋችው። ያሬድ ነገሩን ለመቀየር ብሎ ለነገ ያዘጋጀውን ክር አወጣ። አብሮት ዕቃ የሚያጥብ አንድ ፖርቱጋላዊ ነው ያዋሰው።

«የመቼ ነው?» አለ ጋሽ ፍቅሬ።

«ያምና መሰለኝ።»

«ያምና!» እጁን ከማዕዱ አነሣ። «አንተ ልጅ፣ ስዊዝ ማለት እኮ ክሩን በየዓመቱ ነው የሚቀይረው! ያምና ክር ይዘህ ሰውዬው ፊት ልትቆም? ዝርክርክ ነው ይልሃል፣ አለቀ።»

«አሁን ሱቅ ዝግ ነው፣ ጋሼ።»

«ሱቅ ምን ያደርግልሃል?» አለች አክስቴ። «አዲሱ እዚህ ተቀምጦ!»

«እማዬ፣ እሱ እኮ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ቢሆንስ? ማን ነካው? ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም።»

«አዲስ ማለት ይሄ ነው!» አለ ጋሽ ፍቅሬ፣ አገር ያስተካከለ ያህል። ቡፌው ተከፈተ። የሁለት ዓመት የክብር እንግዳ ከመስተዋቱ ወጣ። የፖርቱጋላዊው ክር ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ወደ ሐይቁ የወጣነው በገመድ ላይ በሚንሸራተት ሣጥን ነው። የሐይቁን ስም አልጽፈውም፤ ከጻፍኩት በሚቀጥለው ክረምት ግማሹ ለ ሊኞን ፎቶ ለመነሣት ይወጣል። ከበረዶው የተመለሰው ጸሐይ ከታች ወደ ላይ ዓይን ይወጋል። የሰው ድምፅ እንኳ የሚሰነጠቅ የሚመስልበት ብርድ ነበር። ሩፊነር በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ ይዞ ሦስት ቀዳዳ በሳልን። ውኃው ላይ የሚረጋውን ስስ በረዶ የሚጠርገው ከማእድ ቤቱ ባመጣው ባለ ቀዳዳ ጭልፋ ነው፤ ከሾርባ ላይ አረፋ እንደሚያነሣ አድርጎ።

ያሬድ ዘንጉን ሲያወጣ ሼፉ አወቀው። ፊቱ በራ። «ይሄ የእኔ ነው! ክሩስ?»

«አዲስ ነው፣ ሼፍ!»

«ጥሩ» አለና ወደራሱ ቀዳዳ ዞረ። አዲስ ሲባል አዲስ መስሎት፤ ይህን እንደምትረዱልኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

ክሩ ከጥቅሉ ሲወጣ እንደ ስልክ ገመድ ይጠማዘዛል። «ደረቀብኝ» አለኝ ያሬድ ቀስ ብሎ፤ ከዚያ ራሱን በራሱ አጽናና፦ «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይፍታታል።»

ምሳ ሰዓት ላይ አክስቴ የቋጠረችልንን የምስር ሳምቡሳ በላን። ሩፊነር ቋሊማውን አስቀምጦ ከእኛ ወሰደ፣ ደግሞም ጨመረ፤ ሊጡ ውስጥ ምን እንደገባ ያሬድን ጠየቀው። ሁለቱ ስለ ጥቁር አዝሙድ ሲያወሩ ቦታው የያሬድ እንደሆነ ለእኔ እንኳ፣ በማንም ላይ እምነት ለማልጥለው፣ ግልጽ ሆነ። በዚያው ቅጽበት የያሬድ ዘንግ ጫፍ ሰገደ።

ሼፉ ጭልፋውን እንደያዘ ሮጦ ተንበረከከ። «ቀስ! ቀስ በል!» ዓሣው ተራራ ላይ የሚገኘው ቀይ ሆድ ያለው ዓይነት ነበር። እስከ ቀዳዳው አፍ መጣ፤ ሆዱ እንደ ፍም ሲያበራ ሦስታችንም አየነው። ከዚያ ጠፋ። የናይለን ክር ሲበጠስ ይጮኻል ብዬ አስብ ነበር። አይጮኽም። እጅ ድንገት ቀለል ይላል፣ በቃ።

ሩፊነር የቀረውን ክር በጣቱ ያዘና ሳብ አደረገው። እንደ ደረቅ ሣር ተቆረጠ። እንደገና ሳበ፣ እንደገና ተቆረጠ። ጥቅሉን አገላብጦ አየው፤ ወደ መስኮቱ የነበረው ጎን ቢጫ ሆኗል።

«ይሄ አዲስ አይደለም።»

«አዲስ ነው፣ ሼፍ። ተጠቅሜበት አላውቅም።»

«መቼ ከፈትከው?»

«ትናንት ማታ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ? ለምን?»

«ለትልቅ ቀን ብለን ነው ያስቀመጥነው።»

«የትኛው ቀን?»

ያሬድ ቀዳዳውን አየ። «ዛሬ» አለ።

ያኔ በፈረንሳይኛዬ ዘልዬ ገባሁ። እኛ ዘንድ የተከበረ ስጦታ አይነካም፤ እናቱ ይህን ክር ለእንግዳ ሁሉ ስታሳይ ኖራለች፤ አለመነካቱ የአክብሮት ምልክት ነው አልኩት። ሩፊነር ከቀዳዳው በረዶ እየጠረገ አዳመጠኝ።

«ክሩ ይህን ሁሉ አልሰማም» አለ። ቆይቶ፣ ወደ ያሬድ ሳያይ፣ «ሁለት ክረምት ሙሉ በየሰኞው ‹ዓሣ ያዝኩ› ብለህ እንድትመጣ ስጠብቅ ነበር። አልወደደውም ብዬ ተውኩት» አለ።

የራሱን ክር አሳየን። ሦስተኛ ክረምቱ ነበር። የጋሽ ፍቅሬ ስዊዝ በየዓመቱ የሚቀይረው ክር! የክሩን የመጨረሻ አንድ ክንድ ያህል በከንፈሩ መሀል አሳለፈው፤ በረዶው ጠርዝ ላይ ተፍቆ የሻከረ ቦታ ሲያገኝ ቆረጠ፣ ቋጠሮውን በምራቁ አርጥቦ እንደገና አሰረ። በሌላው ጊዜ ጨለማ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ከመጠምዘዝ አልፈታታ ካለ ወይም እጅ ላይ ከደረቀ፣ ትናንት የተገዛም ቢሆን ይጥለዋል። የክሩ ትምህርት ይህ ነው፤ ሌላ የለውም።

ወደ ታች ስንወርድ ሩፊነር ቦታውን ለሌላው ልጅ እንደሚሰጥ ነገረን። «ተቆጥቼ አይደለም። የወተት ክሬም ዕቃው ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍም ይበላሻል። አፍንጫው ሳያሸት ‹አዲስ ነው› የሚለኝን ሰው ማእድ ቤቴ ውስጥ ላቆመው አልችልም።» ያሬድ «ገባኝ፣ ሼፍ» አለ። ሩፊነር ስለ ክር የተናገረው ልክ ነበር። ስለ ያሬድ ግን አልነበረም፤ ክር ሲፈትሽ የሚያሳየውን ትዕግሥት ለሰው ነፈገው። ከንቀቴ ለእሱም የሚገባውን ድርሻ አስቀምጬለታለሁ።

ትልቁ ድርሻ ግን የሌላ ሰው ነው። ማታ ቤት ስንገባ ጋሽ ፍቅሬ እየጠበቀን ነበር። የሆነውን ሰማ፣ ጥቅሉን ተቀበለ፣ ዓይኑን አጥብቦ ጽሑፉን አነበበ። «እኔ እኮ ብዬ ነበር፤ ዕቃው ርካሽ ነው» አለ። አክስቴ ዘነበች ከእጁ ተቀበለችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ቡፌው ውስጥ መለሰችው።

ያሬድ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ዕቃ ሲያጥብ ኖረ። በመጨረሻ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ማእድ ቤት ሌረ ሰጠው፤ ዛሬ እዚያው አለቃ ነው። «አየህ፣ ለበጎ ነው» የሚሉኝ አሉ። ለበጎ አልነበረም። እነዚያ ዓመታት ጫማውን ሳያወልቅ የተኛባቸው ዓመታት ናቸው፤ ማንም አልመለሰለትም።

ሜሮን ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ ክሯን በሁለት ጣቷ መሀል አሳለፈች፣ ጫፉን ቆረጠች፣ የቀረውን ሳብ ሳብ አድርጋ ፈተነችው። «ይሄ ጤነኛ ነው» ብላ ሄደች። እኔም ትምህርቱ ገባ ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ ያሬድ ዳቦ ሊቆርስ ተነሣ። ሃምሳ ሰው የሚያበላ ባለሙያ፣ በደነዘ ቢላዋ ዳቦው አልቆረስ ሲለው ይጨፈጭፈው ጀመር።

«ያ በሠርግህ የሰጠሁህ ቢላዋ የታለ?»

በአገጩ አሳየኝ። ከእናቱ የወረሰው ቡፌ ውስጥ፣ መስኮቱ ፊት ለፊት፣ ከነሣጥኑ፣ ከነላስቲኩ።

«ለሜሮን ሠርግ ብዬ ነው» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር።

ስለዚህ እናንተም፣ ማን እንደሰጣችሁ አታስቡ፣ ለየትኛው ቀን እንዳስቀመጣችሁት አትንገሩኝ። ይህን ወረቀት አስቀምጡና ተነሡ፤ ቡፌውን ክፈቱ፣ ላስቲኩን ቅደዱ፣ ዛሬውኑ ተጠቀሙበት።