ሦስት ቤት ያደረ በሬ

በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ከቆቦ ወጣ ባለ ቀበሌ፣ በአንድ ጠዋት አንድ በሬ ሦስት ቤት ታስሮ አየሁ። የገበሬውን የዕዳ ጫና ልዘግብ ከአንድ የብድር ሠራተኛ ጋር ቤት ለቤት እዞር ነበር። በተበደረው ብር በሬ ያልገዛ ሰው ብሩን ወዲያው መመለስ አለበት። ሠራተኛው በሦስቱም ቤት “በሬ አለ” ብሎ መዘገበ።

በመጨረሻው ቤት አባወራውን፣ አቶ ሰይድን፣ “ይህን ጆሮው የተቆረጠ በሬ ቅድም ጎረቤትዎ ጋ አላየሁትም?” አልኳቸው።

“አይ የከተማ ሰው! ለእናንተ በሬ ሁሉ አንድ ነው” ብለው ሳቁ።

ገበሬዎቹ ሠራተኛውን እያታለሉት ነው ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ።

በሳምንቱ አቶ ሰይድን ቆቦ ገበያ አገኘኋቸውና በሬው የማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

“የሠራተኛው ነዋ፤ ያከራየናል” አሉኝ። “የኪራዩንም ገና አልከፈልኩትም፤ በዱቤ ነው።”