የበረዶውን ፈረስ ለአባቴ

የሚያምር ነገር አይታችሁ፣ የምትወዱት ሰው ሳያየው እንዳያልፍ ተጨንቃችሁ ታውቃላችሁ? ትናንት አትላንታ አጠገብ ባለችው ኬኔሶ ከተማ ከሰው ቁመት የሚበልጡ የበረዶ ቅርጾች ሳይ አባቴ ትዝ አለኝ።

ልጅ ሳለሁ እዚያው አትላንታ ከአያቴ ጋር ከበረዶ የተቀረጸ ፈረስ ልናይ ሄድን። አባቴ ከሥራ በቀጥታ ሊመጣልን ነበር። የአትላንታ ብርድ ግን ቀላል ስለሆነ በረዶው ፀሐዩን አልቻለም፤ የፈረሱ አንገት ቀልጦ ወደቀ።

"አባዬ ሳያየው!" ብዬ አለቀስኩ።

አያቴ፣ "የወደቀውን ቁራጭ በባዶ እጅሽ ያዥና ቅዝቃዜውን ውሰጂለት" አሉኝ።

መዳፌ እስኪደነዝዝ ያዝኩት። አባቴ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ሲወርድ ሮጬ የቀዘቀዘ እጄን ጉንጩ ላይ ለጠፍኩበት።

"ውይ፣ ፈረስሽ ይናከሳል እንዴ?" አለኝ እየሳቀ።

ስለ ፈረሱ ሌላ አልጠየቀኝም፤ እጄን ግን እስኪሞቅ ድረስ ከጉንጩ አላነሳውም። አያቴንም አባቴንም እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

እናንተም በረዶ ስታዩ እባካችሁ ጓንታችሁን አውልቁና፣ መምጣት ላልቻለው ሰው ጥቂት ቅዝቃዜ ውሰዱለት።