ያላደረስኩት የእትዬ ዘይነብ ቃል

ይህን ለእናቴም ነግሬያት አላውቅም። ለእናንተ የደፈርኩት ስለማታውቁኝ ይሆናል።

ሐይቅ ከተማ፣ በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፤ ስድስተኛ ክፍል ስለጨረስኩ ብቻ። ስብሰባ የሚቀመጡት ወንዶቹ አስጋሪዎች ናቸው። መረብ ሠሪዎቹ ሴቶች መጋዘን ውስጥ ይውላሉ። የአንዱን ቃል ለሌላው የማደርስ እኔ ነበርኩ። እኔ፣ ሰው ፊት ድምፄ የሚጠፋው።

እትዬ ዘይነብ ባላቸው የሞተባቸው፣ በመረብ ሥራ ብቻ የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ። መረቡ ሁልጊዜ የሚቀደደው ከታች፣ ዐለቱን በሚነካበት በኩል መሆኑን አስተዋሉ። የታችኛውን ጠርዝ በድርብ ክር እንሥራው፤ ድርቡ ስለሚከብድ ግን ወንዶቹ የሚያስሩትን ማስመጫ ድንጋይ በግማሽ ይቀንሱ፤ ንገሪያቸውና ከተስማሙ እንጀምራለን አሉኝ። እሺ አልኩ።

አልነገርኩም። ቃለ ጉባኤውን ስይዝ ሦስት ጊዜ ቀና አልኩ፣ ሦስት ጊዜ አቀረቀርኩ። ዝምታዬን ዓይን አፋርነት እንበለው። በማግስቱ እትዬ ዘይነብ ሲጠይቁኝ ተስማምተዋል ማለቴስ ምን ይባላል?

ሁለት አዲስ መረብ ሠሩ። ወንዶቹ እንደ ወትሮው ድንጋዩን ሁሉ አስረው ጣሉት። መረቦቹ እስከ ታች ሰምጠው ዐለት ያዛቸው፤ ሲጎተቱ ተበጣጠሱ።

የሒስና ግለ ሒስ ስብሰባ ተጠራ፣ ሴቶቹም ጭምር። አንዱ አስጋሪ፣ እትዬ ዘይነብ ለዓሣው ጋቢ ሠሩለት ብሎ አሳቀ። ሊቀ መንበሩ ግን አልሳቀም፤ አሻጥር ነው አለ። ያ ቃል ሰው ያሳስራል።

እትዬ ዘይነብ ቆሙ። «ወላሂ፣ ለዚች ልጅ ነግሬያታለሁ። ተስማምተዋል ብላኛለች።»

«እዚህ ወላሂ የለም፣ ጓዲት። እዚህ ቃለ ጉባኤ ነው ያለው» አለ ሊቀ መንበሩ፤ ወደ እኔም ዞረ።

መዝገቡን ከፈትኩ። እንደሌለ እያወቅሁ ገጽ በገጽ ገለጥኩ።

«አልነገሩኝም» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

እትዬ ዘይነብ አልረገሙኝም። «ተይ ልጄ» ብቻ ብለው ተቀመጡ። ለዕድሜያቸው ታዝኖ ከእስር ተረፉ፤ ከማኅበሩ ግን ተባረሩ። ውሳኔውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ዓመት ሳይሞላ ያ የቀለደው አስጋሪ ድርቡን ክርና የድንጋዩን ቅነሳ የራሱ ሐሳብ አድርጎ አቀረበ። ተጨበጨበለት። መረቡም አልተቀደደም። ስሙን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት መዘገብኩ። ያኔም ዝም አልኩ።

ልጅ ነበርኩ ልበል? ጊዜው ያስፈራል ልበል? በዚያ በመጀመሪያው ስብሰባ የሚያስፈራ ምን ነበር? ሊቀ መንበሩ ራሱ፣ ሌላ ሐሳብ ያለው አለ ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። እኔ ነኝ የዋሸሁት። እኔ ነኝ በሰው እንጀራ ላይ የቆምኩት።

እትዬ ዘይነብ አሁን ከአስፋልቱ ዳር ቆሎ ይሸጣሉ። በገበያ ቀን ሳልፍ ጠርተው፣ እናትሽ ደህና ናት ይሉኛል። ደህና ናት እላለሁ፤ ሌላ ቃል አይወጣኝም። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ ማለት የነበረብኝ ለእሳቸው ነው፤ ይኸው ለእናንተ እጽፋለሁ። ዛሬም አይቻቸው አለፍኩ። እናንተ አውፍ አትበሉኝ።