ከኋላዬ የሚቆሙት አጎቴ

አጎቴ ካረፉ ወዲህ ፎቶ ማንሳት ያስፈራኛል።

በስልኬ ማንሳት ስጀምር ያልተሳሳትኩት ነገር አልነበረም። ፀሐይን ከሰዉ ጀርባ እያደረግሁ ፊቱን አጠቁረው ነበር። እሱን ንፋስ መውጫ ከተማ ያሉ ጓደኞቼ መክረው አስጣሉኝ። የባሰውን ያስጣሉኝ ግን ስማዳ ይኖሩ የነበሩት አጎቴ ናቸው።

ቤታቸው ገደል አፋፍ ላይ ነው። አንድ ፋሲካ ቤተሰቡን ደጅ ላይ አሰልፌ፣ ሁሉም ፎቶው ውስጥ እንዲገቡልኝ ዓይኔን ከስልኩ ሳልነቅል ወደ ኋላ ወደ ኋላ ስል፣ አጎቴ ከሰልፉ ወጥተው ሮጡና ሹራቤን ጨምድደው ያዙኝ። ዞር ስል ገደሉ እግሬ ሥር ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ምነው ኋላሽን ብታዪ!» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ስልኬን ባነሳሁ ቁጥር ከኋላዬ መጥተው ሹራቤን ይይዛሉ። «እርስዎም ይግቡ እንጂ» ስላቸው፣ «አንቺን ማን ሊይዝሽ?» ይሉኛል።

ለለቅሷቸው ፎቶ ሲፈለግ ስልኬን ባገላብጥ ባገላብጥ አጣኋቸው። ዘመዱ ሁሉ ቆሟል፤ እሳቸው ከኋላዬ ነበሩ።

በአርባቸው ልጃቸው «እስኪ አንድ አንሺን» አለችኝ። እዚያው ደጅ ላይ ቆምኩ። ገደሉ ሩቅ ነው፤ ዞሬ አይቻለሁ። ቢሆንም ጀርባዬን በረደኝ።

«እኔ ገባሁ?» አለች ዳር የቆመችው ልጃቸው።

አልገባችም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ነበረብኝ።

«ነይና ያዥኝ» አልኳት።