አስቀድመው የራሳቸውን ቤት ይናገሩ የነበሩት ጋሽ ይታየው

ጋሽ ይታየው ማረፋቸውን የነገረኝ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። በዚያ ሳምንት እንጅባራ ላይ ኔትወርክ ስላልነበረ መርዶው እንደ ድሮው በሰው እግር ዞረ። ሹፌሩ በራችን ላይ ቆሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ «ትርንጎ፣ አለቃሽ ጠዋት ዐረፉ» ብሎኝ ወደሚቀጥለው ቤት አለፈ። ይህን የምጽፈው ለምታውቋቸው ሁሉ ነው። በዳንግላና በአዘና፣ በእንጅባራና በጥርባ ደጃችሁ ላይ ተቀምጠው ስለ ገቢያችሁ የጠየቋችሁ ሁሉ ቀብራቸው ላይ ተገኝታችኋል። የመጣችሁት ግን በሐዘን ብቻ እንዳልነበረ ዐውቃለሁ። ስጋትም ይዛችሁ መጥታችሁ ነበር፤ እኔም ከእናንተ ባልተናነሰ ስጋት ላይ ነበርኩ።

ለማያውቋቸው ልንገራቸው። አቶ ይታየው በአዊ ዞን የቤተሰብ ገቢና ወጪ ጥናት ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ለናሙና የተመረጡ ቤቶችን በየጊዜው እየዞሩ፣ ቤቱ ምን አስገባ፣ ምን አወጣ ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱ አዲስ አበባ ይሄድና ከሌሎች ዞኖችና ክልሎች መልስ ጋር በሰንጠረዥ ይሰለፋል። በኮንትራት መረጃ ሰብሳቢ ሆኜ በሥራቸው ስገባ ከባዱ ነገር ስሌቱ መስሎኝ ነበር። ለካ ከባዱ የሰው አፍ ማስከፈት ኖሯል። በኛ አገር ሰው ከብቱን ጮክ ብሎ አይቆጥርም፤ ዓይን ይበላዋል ይላል። ገቢውንም አይናገርም። ከተናገረ ግብሩ ይከብደዋል፣ ዘመድ ብድር ይጠይቀዋል፣ መዋጮ ይጨመርበታል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ታብሌት ዘርግተሽ «የዓመት ገቢዎ?» ስትይው፣ ዘንድሮ ድንቹም ጠፋ፣ ላሟም ነጠፈች፣ ዶሮዎቹም አለቁ ይልሻል፤ ከጀርባው ዶሮዎቹ እየጮሁ።

ጋሽ ይታየው ግን ታብሌቱን ከቦርሳቸው አያወጡትም። ቤቱ የአውኚ ተናጋሪ ከሆነ በአውኚ ሰላም ብለው፣ የተሰጣቸው ቦታ ላይ ተቀምጠው፣ መጀመሪያ የራሳቸውን ቤት ይናገራሉ። ደመወዛቸው ስንት እንደሆነ፣ ወሩ ሳይሞላ እንዴት እንደሚያልቅ፣ ለልጃቸው ትምህርት ከማን እንደተበደሩ፣ ወይዘሮ የሺ የሚሸጡት ወተት ቤቱን እንዴት እንደደገፈው፣ ሁሉንም። ባለቤቱ መጀመሪያ ይገረማል፤ ቀጥሎ ያዝናል፤ በመጨረሻ «የኔም ቤት እኮ…» ብሎ ይጀምራል። እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝና ይህ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር። «ጋሽ ይታየው፣ ለዚህ ሁሉ ሰው ገመናዎን ሲያወሩ አይፈሩም?» አልኳቸው አንድ ቀን። «የሰው ጓዳ ልትገቢ ከፈለግሽ መጀመሪያ የራስሽን በር ክፈቺ» አሉኝ። ሌላም ትእዛዝ ነበራቸው፤ ሚስት ከባሏ ተለይታ ለብቻዋ ሳትጠየቅ ሥራው አለቀ አይሉም። «ቤት ኪስም መቀነትም አለው፤ ኪሱን ብቻ ጠይቃችሁ እንዳትመጡ» እያሉ ይመልሱን ነበር።

የነገሯቸውን ደግሞ ለማንም አይተነፍሱም። አንድ ጊዜ መዋጮ የሚያስተባብር ሰው ቢሮ መጥቶ፣ በትሕትና፣ ጥሩ ገቢ አለን ያሉትን ሰዎች ስም ጠየቃቸው። «ቁጥሩን ሲታተም ያገኙታል። ሰውን ግን ከእኔ አያገኙም» አሉት። ሰውዬው ፈገግ ብሎ «እናያለን» አለና ወጣ። እሱ ከሄደ በኋላ ሻይ አስመጡ፤ ብርጭቆውን ሲያነሱ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። «ፈሩ እንዴ?» አልኳቸው። «ታዲያስ! ያልፈራ ሰው ምስጢር አይጠብቅም» ብለው ሳቁ። ያን ቀን እጃቸውን ያንቀጠቀጠው ፍርሃት ብቻ መስሎኝ ነበር።

በመጨረሻው ዓመት ያስጨነቃቸው የከሰሉ ዛፍ ነው። ዲከረንስ የሚሉት ይህ ዛፍ አገሩን ሁሉ ሸፍኖ፣ ገበሬው ከሰል አክስሎ ሸጦ፣ ቤቱን ቆርቆሮ አልብሶ በነበረበት ጊዜ ነው ያለፈው ጥናት የተካሄደው። ከዚያ በሽታው መጣና ዛፉ በየማሳው እንደቆመ ደረቀ። «ሰንጠረዡ እኮ የሚያውቀን በዚያ በደጉ ጊዜ ነው» ይሉ ነበር። «አሁን ሰው ፈርቶ ዝም ካለ ወይም ያገኘውን ከተናገረ በኋላ ያጣውን ከደበቀ፣ በድሮው ቁጥር ከሌላው ዞን አጠገብ ሀብታም ሆነን እንቀመጣለን። የደረቀው ዛፍ የትም አይጻፍም።» ስለዚህ አዲሱን ዙር በጥድፊያ ጀመሩት፤ ዳገቱን ሲወጡ እየቆሙ ይተነፍሱ ነበር። ዙሩ ሳይጋመስ ዐረፉ።

ድንኳኑ ውስጥ የሆነውን ያላያችሁ ልትኖሩ ትችላላችሁ። ወይዘሮ የሺ ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው፣ «ምንም ሳያመው! ጤነኛ ሰው! እንደወጣ!» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ከጥርባ የመጡት አያ ላቀው፣ ዛፋቸው ከደረቀባቸው ገበሬዎች አንዱ፣ ሊያጽናኗቸው ቀረብ አሉና ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «አዬ! ለካ ያ የልብ መድኃኒት አልያዘላቸውም!» አሉ።

ወይዘሮ የሺ ልቅሷቸውን አቆሙ። «የምን መድኃኒት?»

አያ ላቀው ደነገጡ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። ዙሪያውን አየሁ። ሰው ሁሉ አቀርቅሯል። የዳንግላው ነጋዴም፣ የአዘናዋ ባልቴትም፣ ድንች ሻጩም መሬት መሬት ያያል። ያኔ ገባኝ። ጋሽ ይታየው እኔ አጠገባቸው በሌለሁበት የቤታቸውን ወጪ ለየቤቱ ሲናገሩ መድኃኒቱንም አልዘለሉትም ነበር። ናሙና የሆነ ቤት ሁሉ መታመማቸውን ያውቃል፤ ያላወቀው የራሳቸው ቤት ብቻ ነው። ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ደግሞ አንድም ያወራ አልነበረም። ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ይዞት ኖሯል።

አያ ላቀው ጎንበስ ብለው፣ «እናቴ፣ ይቅር በይኝ። ከነገርኳት ለማሳከሚያዬ ላሟን ትሸጥብኛለች ብለውኝ ነው» አሉ። ወይዘሮ የሺ ፊታቸውን ወደ ሴቶቹ አዞሩ። ለሐዘናቸው ብቻ ሳይሆን ለንዴታቸውም ፈራሁላቸው። ስለ እውነቱ ከሆነ እኔም በጋሽ ይታየው ተናድጄ ነበር። የሰውን ሚስት ለብቻዋ ጠይቁ እያሉ ሲልኩን የኖሩ ሰው!

ከድንኳኑ ጀርባ እጄን የያዙኝ እማማ ዘሐራ ናቸው። ዳንግላ ገበያ ዳር ሱቅ ያላቸው፣ ጋሽ ይታየው ለብዙ ጊዜ የጠየቋቸው ሴት ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ወላሂ የርሳቸውን ሕመም ለልጆቼ እንኳ አልተነፈስኩም» አሉኝ። «የርሳቸውን እኔ ይዣለሁ። የኔን አሁን ማን ያዘው?» ዓይናቸው በድንኳኑ ቀዳዳ አልፎ ወንዶቹ ዘንድ ሄደ። ያ የመዋጮ ሰው ንፍሮውን እየቆረጠመ ተቀምጧል።

«እማማ፣ መረጃው ሲላክ ስም አይታይም፤ ለብቻው ነው የሚቀመጠው…» ብዬ የሠለጠንኩትን ልነግራቸው ጀመርኩ።

«እሱን ተይኝ። ሰው ንገሪኝ።»

«እኔ» አልኩ። እኔ ራሴ እንኳ በደንብ ያልሰማሁት «እኔ» ነበር።

እማማ ዘሐራ ትንሽ አዩኝና፣ «እንግዲህ ያንቺን ጓዳ አላውቅም» ብለው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ለእኔ ጥሩ አልነበሩም። እነዚያ ሁሉ ቤቶች አፋቸውን ቢዘጉብኝ የጋሽ ይታየው ድካም ውኃ በላው ማለት ነው፤ የጥርባ ዛፍም እንደለመለመ በሰንጠረዥ ላይ ይቀራል። የመዋጮው ሰው ብዙ አልቆየም፤ ቢሮ መጣ። አዝኖልኝ፣ አጽናንቶኝ፣ «ሟቹ ትንሽ ግትር ነበሩ። አንቺ ግን ወጣት ነሽ፤ ኮንትራትሽም መታደስ አለበት» አለኝ። «ከእኔም አያገኙም» አልኩት። እንደ ጋሽ ይታየው በእርጋታ አልነበረም፤ ድምፄ ተሰብሯል፣ ዓይኔም እንባ አቅርሯል። እሱም እንደ በፊቱ «እናያለን» አለ።

በማግስቱ ዳንግላ ወረድኩ። እማማ ዘሐራ ሱቃቸው ውስጥ ጨው እየመዘኑ ነበር። ታብሌቱን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ተቀመጥኩና የራሴን ቤት ተናገርኩ። ምን እንደነገርኳቸው አንዱን ብቻ ለእናንተ እጽፋለሁ፤ ኮንትራቴ ሊያልቅ እንደሆነ፣ ባይታደስ ቤታችን ሌላ ገቢ እንደሌለው ነግሬያቸዋለሁ። የቀረው የርሳቸውና የእኔ ነው። ስናገር ፊቴ ነደደ፤ ይህን ሁሉ ዓመት ጋሽ ይታየው በየቤቱ ምን እንደከፈሉ ያኔ ተሰማኝ። እማማ ዘሐራ ሚዛናቸውን አስቀመጡ። ተነሥተው የሱቁን በር ገርበብ አደረጉት፤ ዱካቸውን ወደ እኔ አስጠጉ። «በይ አውጪው» አሉኝ፣ ወደ ቦርሳዬ በአገጫቸው እያሳዩ። «ከሰል ሻጩ ገበያ መውጣት ካቆመ ጀምሮ የኔም ሱቅ…» ከዚህ በኋላ ያሉትን እዚህ አልጽፈውም።

የጋሽ ይታየውን ሕመም የጻፍኩት በወይዘሮ የሺ ፈቃድ ነው። ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «ጻፊው። የአገሩን ቤት ሁሉ ሲጠይቅ ኖሮ የራሱን ቤት ሳይጠይቅ ነው የሄደው» አሉኝ።

ጋሽ ይታየው፣ ይህን ልነግርዎት ይገባል። አሁንም እፈራለሁ። የሰውዬው «እናያለን» ከጆሮዬ አልወጣም፤ በየመንገዱ ባጃጅ ከኋላዬ ሲመጣ ዞር እላለሁ። ያልፈራ ሰው ምስጢር አይጠብቅም ያሉት እውነት ከሆነ፣ እንደኔ ያለ ጠባቂ የለም። እማማ ዘሐራ የርስዎን ይዘዋል፣ እኔ የእማማ ዘሐራን ይዣለሁ፣ እሳቸው የኔን ይዘዋል። አያ ላቀው ለአፋቸው መሳት ዛሬም ያዝናሉ፤ ይቅር ይበሏቸው። ነገ የምጀምረው ከርሳቸው ቤት ነው፤ የደረቀው ዛፋቸው ይጻፋል።

ከሁሉም በፊት ግን የርስዎን ቤት ጠየቅሁ። ናሙና ውስጥ እንዳልሆነ ዐውቃለሁ፤ ታብሌቱንም አልከፈትኩም። ላሟ አለች፣ አልተሸጠችም። ከወይዘሮ የሺ ጋር ለብቻችን ተቀምጠን፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ የራሴን አስቀድሜ፣ ስለ መቀነታቸውም ስለ ልባቸውም ጠየቅኋቸው። ሁሉንም ነገሩኝ። ምን እንዳሉ ግን፣ ጋሽ ይታየው፣ ለርስዎም አልነግርዎትም። በሰላም ይረፉ።