በእኔ ስም የተቀዳው ጊታር

የእህቴ ባል ቨርለን ታኬት ከሰኞ እስከ ዓርብ የከተማችንን የኦይልዴልን ተማሪዎች በአውቶቡስ ያመላልሳል፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ የብረት ጊታር ይጫወታል። ይህ ጊታር እንደ ጠረጴዛ በእግሮቹ የሚቆም ነው። ተጫዋቹ ተቀምጦ ክሮቹ ላይ ለስላሳ ብረት እያንሸራተተ ከታች ፔዳል ይረግጣል፤ ድምፁ ሰው የሚያለቅስ ይመስላል። ቨርለን ራሱ ሲያለቅስ ያየሁት ግን አንዴ ብቻ ነው፤ እሱም የአውቶቡሱ በር ጣቱን ሲቀረጥፈው።

እኔ ሌላንድ ክራውደር ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ጊዜው የቬትናም ጦርነት የተፋፋመበት፣ ወጣቱ ሁሉ ፀጉሩን እስከ ትከሻው የለቀቀበት ነበር። ለእኔ ሙያ ክፉ ዘመን። አንድ ቀን ቨርለንን ጢሙን ልላጨው አረፋ ቀብቼው ሳለ ሦስት ጎፈሬያም ልጆች ገቡ።

«ለመቆረጥ ከሆነ ስንቅ ይዛችሁ ኑ፤ በአንድ ቀን አይጨረስም» አልኳቸው።

ኮልቢ የሚባለው ረጅሙ ልጅ ይስማኝ አይስማኝ እንጃ፣ ወደ ቨርለን ዞረ። «አቶ ታኬት፣ አክስቴን ልጠይቅ መጥቼ ቤተ ክርስቲያን ሲጫወቱ ሰማሁዎት። ሎስ አንጀለስ ሸክላ ልንቀዳ ነው። የእርስዎን ሙዚቃ ከሮክ ጋር ልናጋባው እንፈልጋለን።»

ቨርለን ከአረፋው ውስጥ «ሙሽሮቹ ተጠይቀዋል?» አለ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ፓስተር ሃስክል ከቤተ ክርስቲያን ውጭ የተጫወተን ሰው ከመድረክ ያወርዳሉ። ቨርለን «አይሆንም» ይላል ብዬ ስጠብቅ «ስንት ዘፈን ነው?» ሲል ሰማሁት። ቤት ሲደርስ እህቴ ኦፓል ብዙም አልጮኸችበትም። «እሁድ ጠዋት ወንበርህ ላይ ካላየሁህ እዚያው ሎስ አንጀለስ ቤት ፈልግ» አለችው፤ እኔንም ጠባቂ አድርጋ አብራ ላከችኝ።

ስቱዲዮው ውስጥ ልጆቹ መጫወት ሲጀምሩ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ቨርለን ሁለቱን ጆሮዎቹን በጥጥ ደፍኖ ትንሽ ታገሠ፤ ከዚያ ተነስቶ ከበሮ መቺው ዘንድ ሄደ።

«ልጄ፣ ማን ነው ያስቀየመህ?»

ልጁ አሰብ አደረገና «አባቴ» አለ።

«እሱ እዚህ የለም። ቀስ አድርገህ ምታ።»

ልጁ ቀስ አድርጎ መታ። ቨርለን ጥጡን አወጣና ብረቱን ክሮቹ ላይ አንሸራተተ። ሮክ ነው እንዳልል ያለቅሳል፣ መዝሙር ነው እንዳልል እግር ያስነሳል። እኔ ራበኝና ሳንድዊች ልገዛ ወጣሁ። ለካ ያን ጊዜ ነው ቨርለንን ሸክላው ላይ የሚጻፈውን ስም የጠየቁት።

ሸክላው ከወራት በኋላ ወጣ። ከነጋዴው እንደሰማሁት፣ በከተማው በሙሉ አንድ ብቻ ተሸጠ። ያንን አንዱን የገዛው የፓስተሩ ልጅ ነበር።

ፓስተር ሃስክል ሸክላውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ሱቄ ከች አሉ። ጀርባውን አሳዩኝ። «የብረት ጊታር፦ ሌላንድ ክራውደር» ይላል።

«ወንድም ሌላንድ፣ ይህ አንተ ነህ?»

የእህቴ ፊት ድቅን አለብኝ። «ስሙ የእኔ ነው» አልኩ።

«ከመድረክ እንዳላወርድህ መጀመሪያም አልወጣህም። ግን ይህን የመሰለ ተሰጥኦ ከእግዚአብሔር ትደብቃለህ? በል ቨርለን ይረፍ፤ እሁድ አንተ ትጫወታለህ!»

እየሮጥኩ ቨርለን ቤት ሄድኩ። «በአሜሪካ ሁለት መቶ ሚሊዮን ሰው እያለ የእኔን ስም?»

«ድንገት ሲጠይቁኝ ምን ላድርግ? ወደ አእምሮዬ የመጣው አብሮኝ የመጣው ሰው ነው።»

እሁድ ሲደርስ ቀኝ እጄን በፋሻ ጠቅልዬ «ተሰብሯል» ብዬ ተቀመጥኩ። ፓስተሩ ወደ መድረክ ጠሩኝ። እጄን ይዘው ላብ እስኪያጠምቃቸው ድረስ ጸለዩ፤ ከዚያ ፋሻውን ፈቱት። እጄ እንከን የለበትም! ምእመኑ «ሃሌ ሉያ!» እያለ በእግሩ ቆመ፤ አንዲት አሮጊት ራሳቸውን ሳቱ። የተፈወሰ ሰው ደግሞ መጫወት አለበት።

ጊታሩ ፊት ቁጭ አልኩ። አንዱን ፔዳል ረገጥኩ፣ ብረቱን ገፋሁ። ጭራዋን የተረገጠች ድመት እንኳ እንደዚያ አትጮህም። ሁለተኛውን ስረግጥ አንድ ክር ጠሽ ብሎ ተበጠሰ።

ቨርለን ከኋላ ወንበር ዘሎ ተነሳ። «ፓስተር፣ እኔ ነኝ! ሸክላው ላይ የተጫወትኩት እኔ ነኝ! እባክዎን ይህን ሰው ከጊታሬ ላይ ያንሱልኝ!»

እስከ ዛሬ ድረስ ኅሊናው ወቅሶት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አብሬው ስላደግኩ አውቀዋለሁ፤ ለክሩ አዝኖ ነው።

ፓስተሩ ቨርለንን ለስድስት ወር ከመድረክ አገዱት። በአራተኛው እሁድ ግን ራሳቸው መለሱት፤ ያለ እሱ መዝሙሩ ሁሉ እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ ሆኖ ነበር። ልጃቸው ለፀጉር ሲመጣ እንደነገረኝ፣ አባትየው ያንን ሸክላ ከቀሙት በኋላ ጋራዥ ውስጥ ዘግተው ይሰሙታል።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ አንድ የሙዚቃ መጽሔት ጸሐፊ ሱቄን አንኳኳ። ያ ማንም ያልገዛው ሸክላ በሙዚቀኞች መሃል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖሮ፣ ስንቱ ዝነኛ ባንድ ከእሱ ተምሯል አሉ። ሰውየው ሁለት እጆቼን ይዞ «እነዚህ ጣቶች!» እያለ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ደስ ስላለኝ ፀጉሩን ቆርጬ እስክጨርስ እውነቱን አልነገርኩትም።

በኋላ ቨርለን ዘንድ ወሰድኩት። «ሁለቱን ሙዚቃ የማጋባት ሐሳብ እንዴት መጣልዎት?» ሲለው፣ ቨርለን ብዙ አሰላስሎ «እኔ እንኳ ትንሽ ዝግ በሉ ብቻ ነው ያልኳቸው» አለ።

ለካ ቨርለን ሸክላው አልነበረውም፤ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ ሰምቶትም አያውቅም። ጸሐፊው የራሱን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጠው። ኦፓል አጫወተችው። ቨርለን የአውቶቡስ ነጂ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ።

«ሦስተኛው ዘፈን ላይ ቸኩያለሁ» አለና ተማሪዎቹን ሊያመጣ ወጣ።